የአሜን ባዮች ዕዳ

እግዚአብሔር ያላደረገውን በእግዚአብሔር ስም ማስመዝገብ በሐሰት ከመመስከር አይለይም። በየዓመቱ ለመስቀል አገር ቤት፣ ቸሃ ስንገባ ክትፎው ቀርቦ፣ ቆጮው ተቆርሶ፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ እናቴ ላይ አንድ ምርቃት ይወርዳል፦ «ላንቺ የነፈገሽን በልጅሽ ሰጠሽ፤ እሱ ሲዘገይ እንጂ ሲቀር አያውቅም!» ቤቱ በአሜን ይናወጣል። የእኔ ደም ይፈላል።

እናቴ ነርስ መሆን ነበር የምትፈልገው። አጣጥ ሆስፒታልን የካቶሊክ ሲስተሮች በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲከፍቱት እሷ ልጅ ነበረች፤ ታናሽ ወንድሟን አዝላ ለክትባት ሄዳ ነጭ ለባሾቹን አየች፣ በቃ፣ ልቧ እዚያው ቀረ። አራተኛ ክፍል ስትደርስ ወንድሞቿ ተራ በተራ አዲስ አበባ ተላኩ። እሷ እንሰት ፍቂ ተባለች። ዛሬ እህቴ ጉብሬ፣ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተምራ ነርስ ሆናለች። ቤት ስትመጣ ነጭ ጋወኗን አጥባ፣ የከሰል ካውያ አግላ የምትተኩሰው እናቴ ናት። ለማንም አትሰጥም፤ ለራሷ ለእህቴም ጭምር።

እናቴ «በልጄ አየሁት» ስትል ዝም እላለሁ። አልቅሳ፣ ጠብቃ፣ አምና ያገኘችው ነው። ከእሷ እምነት ጋር ጠብ የለኝም፤ ጠቤ ከአሜን ባዮቹ ጋር ነው። እሷ እንዲህ ብትል ያምርባታል። ደብተሯን የቀሟት ሰዎች ግን አፋቸውን ቢይዙ ይሻላል።

ይህን ስል ዳዊትን ይጠቅሱብኛል። ቤተ መቅደስ ሊሠራ ተመኘ፣ የሠራው ግን ልጁ ሰሎሞን ነው ይላሉ። እሺ፣ ዳዊትን እናንሳ። ዳዊትን የከለከለው ራሱ እግዚአብሔር ነው፤ ብዙ ደም ማፍሰሱን ምክንያት አድርጎ ነግሮታል። እናቴን የከለከላት አያቴ ነው። (ነፍሱን ይማረውና ደግ ሰው ነበር፤ ደግነቱ ሴት ልጅ ጋ ሲደርስ ያልቅበታል እንጂ።) ዳዊት ደግሞ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ወርቁን፣ ብሩን፣ ዝግባውን አከማችቶ፣ ንድፉን ለልጁ አስረክቦ ነው የሞተው። ለእህቴ ያከማቸላት ማን ነው? እናቴ፣ ቆጮና ቅቤ እየሸጠች። አጎቶቼ ያዋጡት ምርቃት ብቻ ነው።

ማዋጣት ደግሞ እኛ ጉራጌዎች ሳናውቅበት ቀርተን አይደለም! በ1950ዎቹ የመርካቶ ነጋዴዎቻችን የመንገድ ማኅበር አቋቁመው፣ ከዓለም ገና በቡታጅራ አድርጎ ወላይታ ሶዶ ለሚዘልቀው መንገድ ከኪሳቸው ከፍለዋል። «እግዚአብሔር በልጅ ልጆቻችን ዘመን ይጠርገዋል» ብለው አልተቀመጡም፤ ጸለዩም፣ ከፈሉም። ለመንገድ ኪሱን የዳበሰ ሕዝብ የሴት ልጅ ደብተር ሲሆን ሰማይ ሰማይ የሚያየው ለምንድን ነው?

ያለፈ ነገር ምን ያስነሳሃል የሚለኝ ይኖራል። አላለፈም። አዲስ አበባ ውስጥ በስንቱ የእኛ ሰው ቤት «እናስተምርሻለን» ተብላ ከአገር ቤት የመጣች የዘመድ ልጅ ሽንኩርት ስትከትፍ ትውላለች! እሷም ነገ ታገባለች፣ ትወልዳለች፣ ልጇ ምናልባት ትማራለች። ያኔም ክትፎ ፊት ተሰይመን «ላንቺ የነፈገሽን በልጅሽ ሰጠሽ» ልንላት ነው? ማን ነው የነፈጋት? እግዚአብሔር የተበደለን ሲክስ የበዳዩን ዕዳ ሰረዘ ማለት አይደለም። የእናቴ ጽናት የእሷ ነው፤ የእህቴ ዲግሪም የእህቴ። ከሁለቱም ለእናንተ የሚደርሳችሁ ድርሻ የለም።

ስለዚህ፣ የተከበራችሁ አጎቶቼ፣ ዘንድሮ ለመስቀል ከመግባታችሁ በፊት ወጥ ቤታችሁ ያለችውን ልጅ የማታ ትምህርት አስመዝግቧት። ደብተሩንም ግዙላት። ሥራዋን ደግሞ አቅልሉላት፤ ሲመሽ ደክሟት የምታንቀላፋ ልጅ ክፍል ገብታ ምንም አትማርም።