አንድ ኮድ ለሁለት ገበያ፤ መለዋወጫውስ ከየት ይመጣል?

አሮጌ መኪና ሊገዛ የተነሣ ነጋዴ ከደላላው ጋር ስለ ዋጋ ከመከራከሩ በፊት የሚያነሣት አንዲት ጥያቄ አለች። «መለዋወጫው ይገኛል ወይ?» የምትለዋ ናት። መኪናው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ዋጋውም የቱንም ያህል ቢረክስ፣ ፋብሪካው ተዘግቶ መለዋወጫው ከሶማሌ ተራ ከጠፋ ገዢው እጅ የሚቀረው የቆመ ብረት ነው። ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ ለድርጅቱ የሞባይል መተግበሪያ ሲያሠራ ግን ይህችን ጥያቄ ይረሳታል። «ስንት ብር ነው? መቼ ይደርሳል?» ብሎ ውሉን ይፈርማል። ጉዳቱም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

እንደሚታወቀው የዘመናዊ ስልክ ገበያ በዋናነት ለሁለት የተከፈለ ነው። አንዱ ወገን የጎግል አንድሮይድ ሲሆን ሌላው የአፕል አይኦኤስ ነው። ሁለቱ አይግባቡም። የአንድሮይዱ መተግበሪያ በጃቫ ወይም በኮትሊን፣ የአይፎኑ ደግሞ በኦብጀክቲቭ ሲ ወይም በስዊፍት ቋንቋ ይጻፋል። ደንበኞቹ ሁለቱንም ዓይነት ስልክ የያዙበት ባንክ ወይም አስመጪ ሁለት የባለሙያ ቡድን ቀጥሮ ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ደመወዝ ለመክፈል ይገደዳል ማለት ነው። ይህን ድርብ ወጪ ለማስቀረት የመጣው ዘዴ በባለሙያዎች አጠራር ፍሬምወርክ ይባላል። ባለሙያው ሥራውን አንድ ጊዜ ይጽፋል፤ ፍሬምወርኩ በመሃል እንደ አስተርጓሚ ቆሞ ለሁለቱም ስልኮች ያደርሰዋል። በአሁኑ ወቅት በብዛት የሚጠቀሱት የሜታው ሪአክት ኔቲቭና የጎግሉ ፍላተር ሲሆኑ ሁለቱም በነፃ የሚወሰዱ ናቸው።

ነፃ የተባለ ነገር ገበያ ላይ ሲወጣ የሒሳብ ሰው የሚጠይቀው «የሠራውን ማን ያበላዋል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ የሚሆነው ፍሬምወርክ አንዴ ተሠርቶ የሚቀመጥ ዕቃ ባለመሆኑ ነው። አስተርጓሚው የቆመው በሁለት ቋንቋዎች መካከል ነው፤ ቋንቋዎቹ ደግሞ በየዓመቱ ይለወጣሉ። ጥቂት ምሳሌዎችን መጥቀስ ይበቃል (በዚህና በሚቀጥሉት አንቀጾች ዘመኖቹ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አፕል በሴፕቴምበር 2017 ያወጣው አይኦኤስ 11 ባለ 32 ቢት መተግበሪያዎችን ጨርሶ ማስነሣት አቆመ። ጎግልም በኦገስት 2019 በመደብሩ የሚቀርቡ መተግበሪያዎች ባለ 64 ቢት ቅጂ እንዲኖራቸው አዘዘ። ከኖቬምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ አንድሮይድ 15ንና ከዚያ በላይ ያለውን የሚያነጣጥሩ መተግበሪያዎች የስልኩ ማኅደረ ትውስታ በ4 ኪሎባይት ፈንታ በ16 ኪሎባይት ሲቆራረስም መሥራት እንዲችሉ ግዴታ አስቀመጠ።

እንዲህ ያለው ትእዛዝ በወጣ ቁጥር በቅድሚያ መታደስ ያለበት ፍሬምወርኩ ነው። ቀጥሎ ካሜራውን፣ ካርታውን፣ የጣት አሻራውን ከመተግበሪያው ጋር የሚያገናኙት ፕለጊን የሚባሉ ቁራጮች ይታደሳሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ደመወዝ በማያገኙ በጎ ፈቃደኞች የሚጠበቁ ናቸው። የነጋዴው መተግበሪያ ተራ የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከሰንሰለቱ አንዷ ቀለበት ከላላች መደብሩ ማሻሻያውን አይቀበልም። ባለቤቱ ምንም ሳያጠፋ ሱቁ ይዘጋበታል።

የዛማሪንን ታሪክ ያየ ይህን በሚገባ ይረዳል። ኖቬል የተባለው ኩባንያ በ2011 ለአታችሜት ሲሸጥ ሞኖ የተባለውን ሥራ ይዘው የነበሩ ባለሙያዎች ተሰናበቱ። በዚያው ዓመት በሜይ ወር ሚጌል ደ ኢካዛና ናት ፍሪድማን ዛማሪን የተባለ ኩባንያ አቋቋሙ። ሲ ሻርፕ በተባለው የማይክሮሶፍት ቋንቋ የተጻፈ ሥራ በአይፎንም በአንድሮይድም እንዲሄድ አደረጉ። በነፃም አልሰጡም፤ ለድርጅቶች የሚሸጠው ፈቃድ ለአንድ ባለሙያ፣ ለአንድ የስልክ ዓይነት፣ በዓመት 999 ዶላርና ከዚያ በላይ ነበር። ውድ ቢመስልም ገዢው ለጥገናው እየከፈለ መሆኑን ያውቅ ነበር። በፌብሩዋሪ 2016 ማይክሮሶፍት ኩባንያውን መግዛቱን አስታወቀ፤ ወዲያውም ምርቱን በነፃ ለቀቀው። ተጠቃሚው ተደሰተ። ይሁን እንጂ ክፍያው ሲቀር ገዢው በጉዳዩ ላይ የነበረው ድምፅም አብሮ ቀረ። በ2022 ማይክሮሶፍት ማዊ የተባለ ተተኪ አወጣ፤ በሜይ 1 ቀን 2024 ለዛማሪን የሚሰጠውን ድጋፍ አቆመ። በዛማሪን የሠራ ሁሉ ወደ አዲሱ መሸጋገር ወይም እንደገና መጻፍ ግድ ሆነበት።

ዛማሪን ብቻውን አይደለም። ፎንጋፕን የሠራውን ኒቶቢን አዶቢ በ2011 ገዛው፤ በኦክቶበር 2020 አገልግሎቱን ዘጋው። ከእርሱ የተወለደው ኮርዶቫ በአፓቺ ድርጅት ጥላ ሥር በበጎ ፈቃደኞች እጅ ቀረ። ታይታኒየምን የያዘው አፕሰለሬተር በ2016 በአክስዌይ ተገዛ፤ በ2022 አክስዌይ እጁን አነሣ። ሦስቱም ታሪኮች አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል አላቸው። ትንሽ ኩባንያ ይሠራል፤ ትልቅ ኩባንያ ይገዛል፤ የትልቁ ኩባንያ ዓላማ ሲለወጥ ጥገናው ይቆማል። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ዛሬ ገበያውን የያዙትም ከዚህ ሥጋት ነፃ አይደሉም። ጎግል በ2024 የጸደይ ወራት ሠራተኞች ሲቀንስ የፍላተር ቡድን አባላትም ተነክተዋል። በዚያው ዓመት በኦክቶበር አንድ የቀድሞ የቡድኑ ባልደረባ ጥገናው ከተጠቃሚው ብዛት ጋር አልተመጣጠነም በሚል ፍሎክ የተባለ ቅርንጫፍ መጀመሩን አስታውቋል። በሪአክት በኩል ደግሞ የተሻለ ዜና አለ። በኦክቶበር 2025 ሜታ፣ ሪአክትና ሪአክት ኔቲቭ በሊነክስ ፋውንዴሽን ሥር በሚቋቋም ድርጅት እንዲያዙ መወሰኑን ገልጾ በአምስት ዓመት ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመስጠት ቃል ገብቷል፤ አማዞንና ማይክሮሶፍትን የመሳሰሉም ከመሥራቾቹ መካከል ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው ነው። ሥራው በአንድ ጌታ ኪስ ብቻ ከመንጠልጠል ብዙ ተጠቃሚዎች ተጋርተው ቢይዙት ዕድሜው ይረዝማል ተብሎ ይጠበቃል።

የዘዴው ደጋፊዎች የሚያቀርቡት መከራከሪያ አለ፤ ቀላልም አይደለም። አንደኛ፣ ሁለት መተግበሪያ ለየብቻ መሥራትም ጥገና ይጠይቃል፤ ያውም ድርብ። ሁለተኛ፣ ኮዱ ለሕዝብ ክፍት እስከሆነ ድረስ ኩባንያው ቢሄድም ሥራው አይጠፋም፤ ታይታኒየምን ዛሬም ተጠቃሚዎቹ ይዘውት ቀጥለዋል ይላሉ። ሁለቱም እውነት ነው። ነገር ግን የኮዱ መኖርና የሚያድሰው እጅ መኖር የተለያዩ ናቸው። የመኪናው ንድፍ በእጅ መኖሩ ፋብሪካውን አይተካም።

ጉዳዩ በቁጥር ቢታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ለምሳሌ ያህል ሁለቱን መተግበሪያዎች ለየብቻ ማሠራት 2,000,000 ብር፣ በፍሬምወርክ ማሠራት 1,200,000 ብር ይፈጃል እንበል። የዓመት ጥገናው ከሥራው ዋጋ 15 በመቶ ነው ብንል፣ በአራት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው መንገድ በድምሩ 3,200,000 ብር፣ ሁለተኛው 1,920,000 ብር ይወስዳል። ቁጠባው 1,280,000 ብር ነው። ፍሬምወርኩ በአራተኛው ዓመት ከሞተና ሥራው በ1,200,000 ብር እንደገና ከተጻፈ ግን ከዚያ ሁሉ ቁጠባ በእጅ የሚቀረው 80,000 ብር ብቻ ነው። የመሞቱ ዕድል ከአራት አንድ ነው ብሎ የገመተ ነጋዴ ለአራቱ ዓመት 300,000 ብር፣ ማለትም በየዓመቱ 75,000 ብር በመጠባበቂያ ቢያስቀምጥ አደጋውን ሸፍኖ አሁንም 980,000 ብር ያተርፋል። ስለዚህ ፍሬምወርክ መጠቀም ስሕተት አይደለም። ስሕተቱ ቁጠባውን ሁሉ ትርፍ ነው ብሎ በመጀመሪያው ዓመት መብላት ነው።

በአገራችን ጉዳዩ የሚመለከተው የኮምፒዩተር ሰዎችን ብቻ አይደለም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም.፣ ኤም-ፔሳ በ2015 ዓ.ም. ከተጀመሩ ወዲህ ክፍያ ወደ ስልክ እየገባ ነው። ባንኩም፣ ዕቃ አድራሹም፣ ታክሲ ጠሪውም ከደንበኛው የሚገናኘው በመተግበሪያ ነው። እዚህ ላይ ሦስት የራሳችን የሆኑ ወጪዎች ይጨመራሉ።

የመጀመሪያው የውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አፕል በየዓመቱ ከሚያስከፍለው 99 ዶላር ጀምሮ በዶላር የሚከፈል ማንኛውም ፈቃድና አገልግሎት በብር ሲሰላ በዚያው መጠን ከብዷል። በመሆኑም የጥገና በጀት በብር ብቻ ተይዞ ለዓመታት ሊቆይ አይችልም።

ሁለተኛው የደንበኛው ስልክ ነው። ፍሬምወርኩ ሲታደስ አሮጌ ስልኮችን ይጥላል። በኦክቶበር 2024 የወጣው የሪአክት ኔቲቭ 0.76 ከአንድሮይድ 7 በታች ላሉት የሚሰጠውን ድጋፍ አንሥቷል። ይህ ለካሊፎርኒያ ተራ ነገር ነው። ያገለገለ ስልክ ገዝቶ ለዓመታት የሚይዝ ደንበኛ ላለው የአዲስ አበባ ወይም የጅማ ነጋዴ ግን ማደስ ገዢ ማጣት፣ አለማደስ መደብሩን ማጣት ሊሆንበት ይችላል።

ሦስተኛው የዘመን አቆጣጠራችን ነው። ባለ 13 ወር የቀን መቁጠሪያ በሜታም ሆነ በጎግል ፍሬምወርክ ተዘጋጅቶ የሚመጣ የቀን መምረጫ አይደለም። ይህን የሚሞሉት የአገር ልጆች በትርፍ ጊዜያቸው ጽፈው በነፃ የለቀቋቸው ፕለጊኖች ናቸው። ጸሐፊው ሥራ ሲቀይር ወይም ሲሰለቸው ፕለጊኑ ሳይታደስ ይቀራል። የብድር መክፈያ ቀን በዚያ ፕለጊን የሚያሰላ ተቋም ካለ የቆመው በአንድ ወጣት መልካም ፈቃድ ላይ ነው። ለዚያ ወጣት በዓመት የተወሰነ ብር ቆርጦ መስጠት ምጽዋት ሊባል አይገባም፤ ከኢንሹራንስ ሁሉ ርካሹ ኢንሹራንስ ነው። ማይክሮሶፍትን ማዘዝ የሚችል የአዲስ አበባ ድርጅት የለም፤ የራሱን የቀን መቁጠሪያ ግን ከጎረቤቶቹ ጋር አዋጥቶ ማስጠበቅ ይችላል።

እንግዲህ መተግበሪያ የሚያሠራም ሆነ መተግበሪያ በሚሠራ ድርጅት ውስጥ አክሲዮን የሚገዛ ሰው ከመፈረሙ በፊት አራት ነገሮችን በጽሑፍ ቢጠይቅ ይበጀዋል። ፍሬምወርኩን ደመወዝ ከፍሎ የሚያስጠብቀው ማን ነው፣ ጥቅሙስ ምንድን ነው? ስንት ፕለጊን ገብቶበታል፣ እያንዳንዱስ በመጨረሻ የታደሰው መቼ ነው? የምንጭ ኮዱና የመደብር መግቢያው በባለቤቱ ስም ይሆናሉ ወይስ በሠሪው? የጥገናው የዓመት ክፍያ በውሉ ውስጥ አለ ወይ? ከእነዚህ ለአንዱ እንኳ መልስ ያጣ ሻጭ ዋጋውን የቀነሰው ከምን እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ሠሪዎቹም ቢሆኑ ሥራ ለማግኘት ሲሉ ጥገናውን ከዋጋ ማቅረቢያቸው ውስጥ መሰወር አይጠቅማቸውም። ደንበኛው መተግበሪያው በቆመ ማግስት የሚጠራው እነርሱኑ ነው፤ ያን ጊዜ የሚከፈለው ደግሞ ገንዘብ ሳይሆን ስም ነው።

ሶማሌ ተራ የተማረ ነጋዴ ትምህርቱ አለው። የሚቀረው «መለዋወጫው ይገኛል ወይ?» የምትለዋን ጥያቄ ከመኪናው ወደ ስልኩ ማሻገር ብቻ ነው።