ከፈተናው በኋላስ?



የዜግነት ፈተና የደረሰበት ሰው በየታክሲው፣ በየምግብ ቤቱ ጓዳና በሌሊት ጥበቃ ላይ ሆኖ ጥያቄና መልስ ሲሸመድድ እናያለን። የሚያስመሰግን ትጋት ነው። ምን ያደርጋል፣ መሐላው በተፈጸመ ማግስት ወረቀቱ መሳቢያ ይገባል፤ የተጠናውም አብሮ ይረሳል። «ሕገ መንግሥቱ 27 ማሻሻያዎች አሉት» ብሎ መመለስና ማሻሻያዎቹ ለእኛ ምን እንደሚያደርጉልን ማወቅ ለየቅል ናቸው።

እኛ የምንኖረው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ሌላው በአውሮፕላን መጥቶ የሚያየውን እኛ በአውቶቡስ እንደርስበታለን። እ.ኤ.አ. በ1787 የተፈረመው ሕገ መንግሥት ራሱ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይታያል፤ መግቢያው ነፃ ነው። እዚያም ሆነ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ስለ አገሪቱ ታሪክና አስተዳደር ለሕዝብ የሚደረጉ ንግግሮችና ውይይቶች አሉ። ሥራ የሚበዛበትም የቤተ መዛግብቱን ንግግሮች በዩቲዩብ ቤቱ ሆኖ መከታተል ይችላል።

«የነሱ ታሪክ ለኛ ምናችን ነው?» የሚሉ አይጠፉም። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ብዙ ወገኖቻችን ምግብ ቤት የከፈቱበት የዩ ጎዳና ሰፈር ቀድሞ የጥቁር አሜሪካውያን የንግድና የሙዚቃ ማእከል ነበር። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደሉ በተነሣው ሁከት ክፉኛ ተጎዳ። ጥቁሮች ለመብታቸው በታገሉበት በዚያው ዘመን፣ በ1965፣ የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ሰውን በትውልድ አገሩ ኮታ የሚለየውን አሠራር ሻረ። ቀጥሎም የ1980ው የስደተኞች ሕግ በሱዳን በኩል ለመጡ ብዙ ወገኖቻችን መግቢያ ሆነ። የገባንበት በር እንዴት እንደተከፈተ ማወቅ ይገባናል።

የዲሲ ነዋሪ ፕሬዚዳንት ለመምረጥ የበቃው በ1961 በጸደቀው 23ኛው ማሻሻያ ነው። እስከ ዛሬም በኮንግረስ ሕግ ላይ ድምፅ የሚሰጥ ተወካይ የለውም። የሰፈር አማካሪ ኮሚሽን ግን አለን። አባላቱ በየሁለት ዓመቱ የሚመረጡ፣ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ስለ መጠጥ ፈቃድና ስለ ግንባታ የሚሰጡትን አስተያየት የከተማው መሥሪያ ቤቶች ትልቅ ግምት እንዲሰጡት ሕጉ ያዛል። ስብሰባውም ለሕዝብ ክፍት ነው። ታዲያ እኛ ሳንገኝ ስለ ደጃችን ቢወሰን በማን እናመካኛለን? በአገራችን «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይባላል፤ እዚህ ግን ዝም ያለ ሰው እንደሌለ ይቆጠራል።

በመሆኑም እያንዳንዱ አባል ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ከነዚህ ንግግሮች ወይም ስብሰባዎች በአንዱ እንዲገኝ እናሳስባለን። እንግሊዝኛ የሚያስቸግራቸውን እናቶችና አባቶች ልጆች ይዘዋቸው ይሂዱ፤ ያስተርጉሙላቸው። የሰማ ሰው ደግሞ በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ ተነሥቶ ለሌላው ይንገር። ያልገባንን ለመጠየቅ አንፈር፤ መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት