የሕክምና ተማሪዎች ፈተና የገጠሩን በሽተኛ አይርሳ

አትክልትና ማገዶ ይዞ ወደ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ የሚወርደው ገበሬ ትኩሳት ሲይዘው «ወባ ነው» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። ሆኖም ትኩሳት ሁሉ ወባ አለመሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ፣ በ2019 የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ በድሬዳዋ ተከስቷል። በ2022 ደግሞ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው፣ በውሃ ማጠራቀሚያ በርሜል ውስጥ የምትራባ ትንኝ ወባን አስፋፍታለች። የሦስቱም በሽታዎች መነሻ ምልክት ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ቁርጥማት በመሆኑ በቀላሉ ይምታታሉ። የወባ መድኃኒት ግን ደንጊን አያድንም፤ ለቁርጥማት ተብሎ የሚዋጥ አስፕሪንም የደንጊ በሽተኛን ለመድማት ሊዳርገው ይችላል።

ስለዚህ ነገ ይህን ገበሬ የሚያክመው ተማሪ መጽሐፍ በቃል በመያዙ ብቻ ሊመዘን አይገባም። ጠይቆ፣ መርምሮና አመዛዝኖ ከውሳኔ ላይ መድረስ መቻሉ መታየት አለበት። ለዚህ የሚያገለግል ዘዴ አለ። ጤነኛ ሰው የአንድን በሽተኛ ታሪክ አጥንቶ እንደ በሽተኛ ይቀርባል፤ ተማሪው ይመረምረዋል፤ ፈታኙ እያንዳንዱን እርምጃ ይመዘግባል። ይህን ዘዴ አሜሪካዊው ሐኪም ሐዋርድ ባሮውስ እ.ኤ.አ. በ1963 ጀመሩት። በ1975 ደግሞ ሮናልድ ሃርደን በስኮትላንድ፣ በዳንዲ፣ ተማሪዎች ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየተዘዋወሩ የሚፈተኑበትን ሥርዓት አስተዋወቁ።

የዘዴው ጥቅም ግልጽ ነው። ተማሪዎች ሁሉ አንድ ዓይነት በሽተኛ ያጋጥማቸዋል፤ ቢሳሳቱም የሚጎዳ ሰው የለም። ይሁን እንጂ በአንድ በሽታ የቀናው ተማሪ በሌላው ላይቀናው ይችላል። ገበሬ በሬውን በአንድ ትልም እንደማይመዝን ሁሉ፣ ተማሪውም በበርካታ በሽተኞች መፈተን ይኖርበታል።

ከሁሉ በላይ የፈተናው በሽተኛ ሁልጊዜ አማርኛ የሚያቀላጥፍ ከተሜ መሆን የለበትም። ከቀፊራ የሚመጣው በሽተኛ ብዙውን ጊዜ ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ተናጋሪ ነው፤ ቤቱም ሩቅ በመሆኑ ለቀጠሮ መመለስ ይቸግረዋል። ተማሪው ውሃ በምን እንደሚጠራቀም፣ በሽተኛው የት እንዳደረና አስቀድሞ ምን እንደዋጠ መጠየቁ በነጥብ ይመዘን።

የገበሬ ማኅበር መሪዎችም በዚህ ረገድ ድርሻ አላቸው። ገበሬው ሕመሙን የሚገልጽበትን አነጋገር ለድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና መምህራን ቢያስረዱ፣ በሽተኛ መስለው የሚቀርቡ ፈቃደኞችንም ቢያስተባብሩ ተጠቃሚው የራሳቸው ወገን ነው። ስሕተት በፈተና ክፍል ውስጥ ሲታረም፣ በጤና ጣቢያው የገበሬው ሕይወት ይተርፋል።