ዩኒፎርሙን ከመልበስ በፊት

ከአምቦ፣ ከጉደር፣ ከጌዶና ከጊንጪ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሱ ታናናሾቻችን በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ይጠይቁናል። ይኸውም «የጦር ኮሌጅ ብገባ ይሻለኛል ወይስ ዩኒቨርስቲ?» የሚል ነው። ከተማሪው መካከል ይህን ሲሰማ የሚስቅ አለ፤ «ጠመንጃና መጽሐፍ ምን አገናኛቸው?» የሚልም አለ። ጥያቄው ግን ሳቅ የሚገባው አይደለም።

የጦር ትምህርት ቤት የሚሰጠው ነገር ቀላል አይደለም። ምግቡ፣ ልብሱና መኝታው ከመንግሥት ነው። በቢሾፍቱ በመከላከያ ሥር ምሕንድስናና ሕክምና ይማሩበታል። ተመራቂውም ሥራ ፍለጋ ከደጅ ደጅ አይዞርም። ዲግሪ ይዞ ያለ ሥራ የተቀመጠ ታላቅ ወንድም ላለው የገበሬ ልጅ ይህ ሁሉ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ይህን መንገድ የመረጠውን ማንም ሊንቀው አይገባም። ነገር ግን ሳሩን እንጂ ገደሉን እንዳላየው በሬ እንዳይሆን፣ ከመፈረሙ በፊት የሚገባበትን ሊያውቅ ይገባዋል።

ለዚህ ትምህርቱ ከደጃችን ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ስንጓዝ የምናልፋት ሆለታ የገነት ጦር ትምህርት ቤት የተከፈተባት ናት። በ1927 ዓ.ም. በካፒቴን ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች ዕጩ መኮንኖችን ማስተማር ጀመሩ። ዓመት ሳይሞላ ጠላት ወረረን። ከነዚያ ወጣቶች ብዙዎቹ ወደ ምዕራብ ዘልቀው፣ በውጭ አገር ከተማሩት ከዶክተር ዓለመወርቅ በየነና ከሌሎች ወጣቶች ጋር በጥቁር አንበሳ ማኅበር ተሰለፉ። በሰኔ 1928 ዓ.ም. በለቀምት አቅራቢያ ቦናያ ላይ ያረፉትን የጣልያን አውሮፕላኖች ያጠፉት እነዚህ ናቸው።

ከጀግንነታቸው ይልቅ እኛን የሚያስደንቀን ደንባቸው ነው። ደንባቸው የጦር አዛዡን ከፖለቲካው አመራር በታች አደረገው፤ ገበሬውን ማንገላታትንም ከለከለ። አገር በጠፋችበት ሰዓት፣ በጫካ ውስጥ፣ ወታደሩና ምሁሩ በዚህ ተስማሙ።

ከዚያው ከሆለታ ተመርቆ የወጣው ሌላ መኮንን መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ነው። ከ1966 እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ደርግ በገዛበት ዘመን ጠመንጃ ከሕግ በላይ ሲሆን ምን እንደሚመጣ ወላጆቻችን አይተዋል። እንግዲህ አንዱ ትምህርት ቤት ሁለቱንም ዓይነት ሰው አፍርቷል። ስለዚህ «የጦር ኮሌጅ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብሎ መጠየቅ ጥቅም የለውም። መጠየቅ የሚገባው «ምን ያስተምራል?» ተብሎ ነው።

በ1950 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው የሐረር አካዳሚ፣ በሕንድ መምህራን ሲመራ፣ ዕጩዎቹን ሦስት ዓመት ያስተምር የነበረው መኮንን ከሰልፍና ከተኩስ በላይ ማወቅ እንዳለበት ስለታመነ ነው። ዛሬም ቢሆን ታናናሾቻችን እንዲህ ብለው ይጠይቁ እንላለን። ስንት ዓመት ለማገልገል እፈርማለሁ? ትምህርቴን ባቋርጥ ምን ይጠብቀኛል? የተማርኩት ከሠራዊቱ ውጭ ይታወቅልኛልን? ሕገ መንግሥቱን፣ የጦር ሕግን፣ ሕገ ወጥ ትእዛዝ ምን እንደሆነ ያስተምሩኛልን?

የመጨረሻው ጥያቄ ለምዕራብ ሸዋ ልጅ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ባለፉት ዓመታት በቀዬአችን የጥይት ድምፅ እንግዳ አልነበረም። ነገ ትእዛዝ የሚቀበለው መኮንን በአፈሙዙ ፊት የሚያገኘው የእናቱን ጎረቤት ሊሆን ይችላል። ያን ቀን የሚያድነው፣ ለሁለቱም ወገን የሚያድነው፣ በክፍል ውስጥ የተማረው ሕግና በቤቱ ያደገበት ኅሊና ነው።

እኛም የኪነ ጥበባት ተማሪዎች ዳር ቆመን ፈራጅ መሆን አይበቃንም። ወደ ጦር ኮሌጅ የሚሄደውን ታናሻችንን በሳቅ ሳይሆን በጥያቄና በመጽሐፍ እንሸኘው። መኮንኑን ብቻውን ከተውነው በኋላ፣ ስለ አገር አላሰበም ብለን ለመውቀስ ምን አፍ ይኖረናል?