የጡንቻ ብርታት በጣት አይለካም

«ሲነካ የማይጠጥር ጡንቻ በደንብ ያልሠራ ነው» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብኩ። ጂም የሚመላለሱ ወጣቶችን ያለ ጥፋታቸው ተስፋ የሚያስቆርጥ ስሕተት ነው።

አንደኛ፣ የብርቱ ስፖርተኛ ጡንቻም ዘና ሲል ይለሰልሳል፤ የሚጠጥረው ሲኮማተር ነው። ተቀምጣችሁ ባታችሁን ንኩ፤ ከዚያ በእግር ጣታችሁ ቆማችሁ ድገሙት። ጡንቻው ያው ነው፤ የተለወጠው ውጥረቱ ነው።

ሁለተኛ፣ ጣት ቀድሞ የሚያገኘው ቆዳንና ከሥሩ ያለውን ስብ ነው። ጭንና መቀመጫ ላይ ስቡ ሲወፍር ጠንካራው ጡንቻ ለስላሳ ይመስላል። የቅልጥም ፊት ጡንቻ ግን በጠባብ ሽፋን ስለታሰረ ስፖርት የማይሠራ ሰው ላይ እንኳ ይጠጥራል።

ሦስተኛ፣ ከልምምድ በኋላ የሚሰማው መወጠር ደምና ፈሳሽ ስለሞላው ነው፤ ቆይቶ ይጎድላል።

ብርታትን የሚያሳየው የምታነሡት ክብደትና የድግግሞሹ ብዛት ነው። እሱን መዝግቡ።