የደንበኛው ስልክ ባሕር ማዶ ሲነሣ

በዛሬው ዘመን ሰው ከባንክ፣ ከአየር መንገድ ወይም ከገንዘብ አስተላላፊ ድርጅት ጋር ጉዳይ ያጋጠመው እንደሆነ፣ እንደ ቀድሞው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄዶ በመስኮቱ ፊት ተራ መጠበቁ እየቀረ ሄዷል፤ ስልክ ይደውላል። ስልኩን የሚያነሣለት ሠራተኛ ግን ድርጅቱ ባለበት ከተማ ይቅርና ድርጅቱ ባለበት አገር እንኳ ላይገኝ ይችላል። በዋሽንግተን የተደወለው በማኒላ ይነሣል፤ በለንደን የተደወለው በባንጋሎር። ይህ ሥራ የሚካሄድበት ቤት የጥሪ ማዕከል ይባላል።

ነገሩ ለኛ አገር ሰው የሩቅ ወሬ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ከደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ወጥተው በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዐረብ አገሮች ሠርተው ለወላጆቻቸው የሚልኩ ልጆች ስላሉ ጉዳዩ ቤተ ልሔም ድረስ ይዘልቃል። ቤተ ልሔም በሊቃውንት ዘንድ የሚታወቀው በድጓ ምስክር ቤትነቱ ነው። ድጓን በየአገሩ የተማረ ደቀ መዝሙር በመጨረሻ ወደዚያ ሄዶ በመምህሩ ፊት ያዜማል፤ መምህሩም በጆሮው ሰምቶ ያርመዋል፣ ይመልሰዋል ወይም ያስመሰክረዋል። እዚያ የሚሰማውና የሚፈርደው አንድ ሰው ነው። ባሕር ማዶ ባሉት የጥሪ ማዕከሎች ግን የሚሰማው አንድ፣ የሚፈርደው ሌላ ነው። የደንበኛው ምሬት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ እንጂ ሠራተኛው ስልኩን በየትኛው አገር ተቀምጦ ከማንሣቱ አይመስለንም።

ለምሳሌ ያህል፣ በቨርጂኒያ የምትሠራ አንዲት የጋይንት ልጅ በንፋስ መውጫ ለሚቀበሏት እናቷ ገንዘብ ላከች እንበል። እናት ከገጠር ቀበሌያቸው ተነሥተው፣ ግማሹን በእግር ግማሹን በመኪና መጥተው፣ ተራቸው ደርሶ የሚስጥር ቁጥሩን ሲሰጡ፣ የባንኩ ሠራተኛ አንድ ጊዜ መታወቂያውን አንድ ጊዜ ኮምፒዩተሩን አይቶ «እማማ፣ ስሙ አልገጠመም» ይላቸዋል። ስማቸው ፀሐይ ነው። ልጅቱ በላቲን ፊደል ስትጽፈው በ«ቲ»ና በ«ኤስ» ጀምራለች፤ መታወቂያው ላይ ግን በ«ኤስ» ብቻ ተጽፏል። የአባታቸው ስም ወልደ ማርያም ሲሆን በአንደኛው ዘንድ ተያይዞ እንደ አንድ ቃል፣ በሌላው ዘንድ ተለያይቶ እንደ ሁለት ስም ገብቷል። በሠራተኛው መፍረድ አይገባም፤ የሰውን ገንዘብ ለሌላ ሰው ቢከፍል ተጠያቂው እርሱ ነው።

እናት ለድርጅቱ መደወል አይችሉም። ድርጅቱ ደንበኛዬ ብሎ የሚያውቀው ላኪዋን እንጂ ተቀባይዋን አይደለም። ቢያውቃቸውም እንኳ በአሜሪካ ውስጥ በነጻ የሚደወልበት ቁጥር ከንፋስ መውጫ ሲደወል ነጻነቱ ይቀራል፤ ብዙውን ጊዜም ከነጭራሹ አይገባም። ስለዚህ ልጃቸውን ይፈልጋሉ። በንፋስ መውጫ ቀትር ሲሆን ደግሞ በቨርጂኒያ ገና ሌሊት ነው።

ልጅቱ በነጋታው ከጧቱ 4 ሰዓት ላይ ትደውላለች። በመጀመሪያ የሚያነጋግራት መኪና ነው፤ ለዚህ ጉዳይ አንድን፣ ለዚያ ጉዳይ ሁለትን ተጫኚ ይላታል፤ ከዚያ ሙዚቃ ያሰማታል። ሰው የተገኘ እንደሆነ፣ በክረምቱ ወራት ያ ሰዓት ለማኒላው ሠራተኛ ከሌሊቱ 5 ሰዓት፣ ለባንጋሎሩ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው። ሁለቱም እንግሊዝኛን የተማሩት በትምህርት ቤት ነው፤ የአንዱ አነጋገር ለሌላው ይከብደዋል። ይህ ግን የችግሩ ትንሹ ክፍል ነው። ከባዱ ጥያቄዎቹ ናቸው።

«የቤተሰብ ስምሽን ንገሪኝ» ትባላለች። በኛ አገር የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም፤ የአባት ስምና የአያት ስም ነው ያለው። ልጅቱ የአባቷን ስም ብትሰጥ በፓስፖርቷ መጨረሻ የተጻፈው የአያቷ ሊሆን ይችላል። «የእናትሽ ስም ከጋብቻ በፊት ማን ነበር?» ስትባል ደግሞ ግራ ይገባታል፤ የኛ አገር ሴት ብታገባም ብትፈታም በአባቷ ስም ትጠራለችና ከጋብቻ በፊትና ከጋብቻ በኋላ የሚባል ስም የላትም። «የተቀባይዋ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር?» ይላታል። በገጠር ጋይንት ሰው የሚፈለገው በቀበሌው፣ በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያኑና በአባቱ ስም ነው፤ እነዚህን የሚቀበል ባዶ ቦታ ግን በሠራተኛው መዝገብ ላይ አልተዘጋጀም።

የልደት ቀን ከሁሉ የባሰ ነው። ኅዳር 12 ቀን 1985 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በኛ አጻጻፍ 12/3/1985 ብሎ ይጽፋል። አሜሪካዊው አስቀድሞ ወሩን ስለሚያነብ ዲሴምበር 3 ቀን 1985 ብሎ ይረዳዋል። ትክክለኛው ቀን ግን በእነርሱ አቈጣጠር ኖቬምበር 21 ቀን 1992 ነው። ከአንድ ቀን ሁለት የተለያዩ ልደቶች ተወለዱ፤ በመካከላቸውም ሰባት ዓመት የሚጠጋ ልዩነት አለ። የልደት ቀናቸው በውል ሳይታወቅ በስደት ወረቀታቸው ላይ ጃንዋሪ 1 የተባለላቸውም ብዙዎች ናቸው። እንዲህ ያለው ሰው «ልደትህ መቼ ነው?» ሲባል ትንሽ ቢያመነታ፣ በወዲያኛው በኩል ያለው ጆሮ አጭበርባሪ ያገኘ ይመስለዋል።

እዚህ ላይ ለሠራተኛውም መናገር ተገቢ ነው። የሚናገረውን ቃል አስቀድሞ የተጻፈለት ነው፤ እያነበበ ይመልሳል። እያንዳንዱ ጥሪ የፈጀው ጊዜ በሴኮንድ ይቈጠርበታል፤ ቶሎ የዘጋ ይመሰገናል። በህንድ አገር ሠራተኞቹ የእንግሊዝ ስም እንዲይዙና የአሜሪካኖችን አነጋገር እንዲለማመዱ ይደረግ እንደነበረ የታወቀ ነው። ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ፣ ለማያውቀው ሰው ቍጣ «ይቅርታ» ሲል ነግቶበት ወደ ቤቱ የሚገባው ይህ ሰው፣ አንዲቱን የ«ቲ» ፊደል ለማስተካከል ሥልጣን የለውም። ጉዳዩን ለበላይ ክፍል ያስተላልፋል። የበላይ ክፍሉ ያለው በሌላ አገር ነው፤ ቀጥታ ስልክም ላይኖረው ይችላል። «በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ይመጣል» ይላታል። በሦስተኛው ቀን ስትደውል ሌላ ሰው ያነሣና ከስሟ ይጀምራል።

ይህ አሠራር እንዴት ተስፋፋ ብንል ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ርካሽ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1997 ዓ.ም. ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በዴልሂ አጠገብ በጉርጋዎን ማዕከል ከፈተ። የእንግሊዝ ባንኮችና የስልክ ኩባንያዎች ተከተሉት። ፊሊፒንስ በኋላ ተነሥታ በስልክ ምላሹ ሥራ ህንድን ቀደመች፤ ዛሬ በዚህና በተመሳሳዩ ሥራ የሚተዳደሩት ሰዎቿ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው። የደንበኞቹ ቅሬታ ግን አልበረደም። ሳንታንደር የተባለው ባንክ በ2011 ዓ.ም. በህንድ የነበረውን የስልክ ሥራ ወደ እንግሊዝ አገር መለሰ፤ ትልቁ የእንግሊዝ የስልክ ኩባንያ ቢ.ቲ. ደግሞ በ2020 ዓ.ም. መጀመሪያ የደንበኞቹን ጥሪ በሙሉ በእንግሊዝና በአየርላንድ ማስመለስ ጀመረ። (እነዚህም እንደ እነርሱ አቈጣጠር ናቸው።) የሀብታም አገር ደንበኛ ሲያጕረመርም የሚሰማው አለ ማለት ነው። የኛዋ ልጅ ግን ማዕከሉ ከማኒላ ወደ ቴክሳስ ቢዛወርላትም፣ የቤተሰብ ስምና የመንገድ ቁጥር መጠየቋ አይቀርም፤ መዝገቡ ያው ነውና።

የቋንቋውን ችግር በከፊል ያቃለለ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በስልክ የሚደረግ ማስተርጐም ነው። በአሜሪካ ይህ ሥራ በ1982 እ.ኤ.አ. ገደማ በካሊፎርኒያ፣ በሳን ሆዜ ከተማ፣ ፖሊሶች ከቬትናም ስደተኞች ጋር መግባባት ስላቃታቸው የተጀመረ ነው። ዋሽንግተን ከተማም በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛ በመንግሥት ጽሕፈት ቤቶቿ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ ለከተማው መሥሪያ ቤት ደውሎ «አማርኛ» ቢል አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው። ሕጉ ግን የግል ባንክንና የገንዘብ አስተላላፊን አያስገድድም።

ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ማነስ ከገንዘብ ያለፈ ጉዳት የሚያመጣበትም ጊዜ አለ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ከዚያ በፊት ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን የያዙ የጥላቻ ጽሑፎች በፌስቡክ ላይ ወጥተው ነበር። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በናይሮቢ ፍርድ ቤት በፌስቡክ ባለቤት በሜታ ላይ በመሠረተው ክስ፣ ጽሑፎቹ እንዲነሡ አመልክቶ በጊዜው አጥጋቢ ምላሽ እንዳላገኘ ያስረዳል። የአማርኛው ጽሑፍ ይመረመር የነበረው በናይሮቢ፣ በኮንትራት በተቀጠሩ ሰዎች ነበር፤ የቍጥራቸውም ማነስ አንዱ የክሱ ነጥብ ነው። ፍርድ ቤቱ በ2017 ዓ.ም. ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል። እዚህም ቢሆን አቤቱታው የሚደርሰው ለአንዱ፣ ውሳኔው ያለው በሌላው እጅ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ሲቋቋም የሩቅ አገር ጥሪ የሚያልፈው መሥመሩን በእጅዋ በምታገናኝ ኦፐሬተር በኩል ነበር። መጠበቁ ረጅም ነበር፤ ያንን ዘመን የተሻለ ነበር ልንል አንችልም። ዛሬ ኢትዮ ቴሌኮም በ994፣ ከውጭ የመጣው ሳፋሪኮምም በ700 ቁጥር በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛና በእንግሊዝኛ ያነጋግራሉ። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የገበሬዎች 8028 መሥመር ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ በገበሬው ቋንቋ በነጻ ይነግራል፤ የእስቴ ገበሬ ስለ ጤፉ ሲጠይቅ የቤተሰብ ስም አይጠየቅም። ባለቤቱ የውጭ ሰው የሆነ ኩባንያ እንኳ ለደንበኛው በቋንቋው ሊመልስለት እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

ሌላም ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ዕቅድ በኮምፒዩተርና በስልክ ለውጭ ድርጅቶች የሚሠራውን ሥራ ከዋና ዋና መንገዶቹ አንዱ አድርጎ ይዞት ነበር። የሥራ አጥ ወጣት ብዛት ሲታይ አሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ነገ ለለንደን ሰው በሌሊት ስልክ የሚያነሡት የኛ ልጆች ከሆኑ፣ ተጽፎ የተሰጣቸውን ብቻ እንዲያነቡ ነው ወይስ ነገር እንዲቈርጡም ነው የሚቀጠሩት? ውሉ ሲጻፍ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው። ደመወዙም የሚወሰነው በዚሁ ነው፤ አንብቦ መመለስን ኮምፒዩተር እየተማረው ነውና።

እስከዚያው ድረስ የንፋስ መውጫዋ እናት ጉዳይ በከፊል ሊቃለል የሚችለው እዚሁ አገር ውስጥ ነው። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 የጸናው የፋይዳ መታወቂያ ስምን በአማርኛና በላቲን ፊደል፣ ልደትንም በሁለቱም አቈጣጠር ጽፎ ይሰጣል። ያንን የያዙ እናት ያሏት ልጅ ገንዘቡን ከመላኳ በፊት የካርዱን ፎቶግራፍ በቴሌግራም ወይም በኢሞ አስልካ ፊደሉን እያየች ትሞላለች፤ የስም ስሕተት ሳይደርስ ስለሚታረም ባሕር ማዶ መደወል አያስፈልጋትም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየ ጊዜ ግን ፎቶግራፍ መላክ አልተቻለም። የቀረው መንገድ የላቲን ፊደል የሚለይ ተማሪ ከጎረቤት ጠርቶ፣ የእናትን ስም በተራ ስልክ አንድ በአንድ ማስነበብ ነበር።