ክለብ በበጀት ብቻ አይኖርም



የሠፈራችን ወጣቶች የእግር ኳስ ቡድናቸው በማኅበራችን ሥር ታቅፎ እንዲረዳ በጽሑፍ ጠይቀውናል። ጉዳዩ ለጠቅላላ ስብሰባ ይቀርባል። እስከዚያው ግን ኳስና ገንዘብ እንዴት እንደሚገናኙ፣ ሩቅ ሳንሄድ እዚሁ ሰበታ ካየነው ተነስተን ጥቂት ለማለት እንወዳለን።

የሰበታ ከተማ ክለብ በ2011 ዓ.ም. ከወልቂጤ ከተማና ከሀዲያ ሆሳዕና ጋር ወደ ፕሪሚየር ሊግ ሲያድግ ያልጨፈረ ማን ነበር? ዳሩ ግን የ2012ቱ ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ቡድኖች ሁሉ በአንድ ከተማ እየተሰበሰቡ መጫወት ሆነ፤ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ አዳማ። የሰበታ ሕዝብ የገዛ ክለቡን በቴሌቪዥን ነበር የሚያየው። የሜዳ መግቢያ ገቢ የለም፤ የሆቴሉና የመንገዱ ወጪ ግን አለ። በ2014 መጨረሻ ክለቡ ወረደ። በዚያው ዓመት ያደገው ጎረቤታችን ለገጣፎ ለገዳዲም በ2015 ተመልሶ ወረደ።

ለመሆኑ የነዚህ ክለቦች ኪስ ከየት ነበር? በአብዛኛው ከከተማ አስተዳደር በጀት ነው። በጀት ደግሞ ውሃም፣ መንገድም፣ ትምህርት ቤትም የሚሻሙበት ነው። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ ለገዳዲ በሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ እንዳየነው መዋቅርም ይለወጣል። መዋቅር ሲለወጥ በአንድ ኪስ ላይ የተንጠለጠለ ክለብ መጨነቁ አይቀርም። ክለብ ሲወርድ የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ይቀርበታል፤ የተጫዋቾች ውል ግን አብሮት አይወርድም።

የፋብሪካ ክለብስ ይሻላል ወይ? የከተማችን ሜታ አቦ ቢራ ክለብ በፕሪሚየር ሊግ ይጫወት እንደነበር ጎልማሶች ታስታውሳላችሁ። ዛሬ በሊጉ ውስጥ የለም። የንግድ ባንክ የወንዶች ቡድንም አንድ ጊዜ ፈርሶ፣ እንደገና ተቋቁሞ፣ በ2016 ዓ.ም. የሊጉ ሻምፒዮን ሆኗል። ባለቤቱ አንድ ሲሆን ሞቱም ትንሣኤውም በአንድ እጅ ነው ማለት ነው። በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ግን ስፖንሰር ቢኖረውም፣ መንግሥታት ሲለዋወጡ ሳይጠፋ የቆየው የእኔ ነው የሚል ደጋፊ ስላለው ነው።

እንግዲህ እኛ የምናስበው ትንሽ ነው። ይኸውም እንደሚከተለው ነው፦

1ኛ. ተጫዋቾቹ የሠፈራችን ልጆች ይሆናሉ። ደመወዝም የፊርማ ገንዘብም አይከፈልም። ማኅበሩ የሚችለው ማሊያ፣ ጫማ፣ ኳስ፣ የመጓጓዣና የዳኛ ወጪ፣ እንዲሁም ለተጎዳ ልጅ የመጀመሪያ ሕክምና ነው።

2ኛ. ፈቃደኛ የሆነ ቤተሰብ በወር 20 ብር ያዋጣል። 200 ቤተሰብ ቢስማማ በወር 4,000፣ በዓመት 48,000 ብር ይሆናል። በ2011 ዓ.ም. ክለቦች ተሰብስበው ለአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ጣሪያ ያደረጉት 50,000 ብር ነበር። የኛ የዓመቱ ገንዘብ የአንድ ሰው የወር ደመወዝ እንኳ አይሞላም፤ በሥርዓት ከተያዘ ግን ሁለት ቡድን ያንቀሳቅሳል።

3ኛ. ሁለት ቡድን ያልነው ሴቶች ልጆቻችንም ስለሚጫወቱ ነው።

4ኛ. የገባውና የወጣው ገንዘብ ወር በወር በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ደረሰኝ የሌለው ወጪ አይወራረድም።

5ኛ. ከአቅም በላይ ለሆነ ውድድር አንመዘገብም። የዓመቱ ወጪ በእጃችን ሳይገባ ወደ ላይኛው እርከን መንጠልጠል የለም።

አንዳንድ አባላት «ቦዩ ሳይጠረግ፣ የመንገድ መብራት ሳይገባ ኳስ ምን ያደርግልናል?» ብላችኋል። እውነታችሁን ነው፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለዚህ የልማቱና የዕድሩ ገንዘብ አይነካም፤ የኳሱ መዝገብ ለብቻው ይሆናል። መክፈል የማይችል አይገደድም፤ ሜዳ በመጥረግ፣ ማሊያ በማጠብ ሊያግዝ ይችላል። ነገር ግን ልጆቹ ከትምህርት መልስ የት እንደሚውሉ እናንተም ታያላችሁ። ቦይ የሚጠርግ ጉልበትም ያለው እነሱው ጋ ነው። ለነሱ ያልዋለ ማኅበር ነገ «ኑ አግዙን» ቢል ማን ይሰማዋል?

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለም! ትልልቆቹን ያጎበጣቸው ሸክሙ በአንድ ትከሻ ላይ መዋሉ ነው።

ጠቅላላ ስብሰባው በሚመጣው እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይደረጋል። የምትደግፉም የምትቃወሙም ኑና እዚያው ተናገሩ። እጅ ተቆጥሮ የሚወሰነው ለሁላችንም ይሠራል፤ ከስብሰባ በኋላ በየደጁ የሚወራው ግን ቃለ ጉባኤ ላይ አይገባም።